ማድያቱን ያጠፋው አጫጅ

መተማ ላይ ማድያት የሌለው የሰሊጥ አጫጅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አንድ አይቻለሁ፤ ጓደኛዬን አያሌውን። ዘንድሮ ሚስት ፈልጎ፣ ከሱዳን የገባ ቅባት ክረምቱን ሙሉ ፊቱ ላይ ሲለቀልቅ ከረመ። ይግረማችሁና ማድያቱ ጥርግ ብሎ ጠፋ! እዚህ አገር ማድያት የሥራ ልምድ ማስረጃ መሆኑን ማን በነገረው?

አጨዳ ሲደርስ ኮኪት ከተማ፣ ሠራተኛ ከሚቀጠርበት ቦታ አብረን ቆምን። ባለ እርሻው ፊታችንን እያየ ሲመርጥ አያሌው ጋ ደርሶ ሳቀ።

«አንተ ትናንት ከደጋ የወረድህ ነህ። የቆላው ፀሐይ በአንድ ቀን ይደፋሃል።»

«ኧረ ጌታው፣ ማጅራቴን ይዩልኝ!» አለ አያሌው ቅባት ያልነካውን፣ ፀሐይ ያጠቆረውን ማጅራቱን እያሳየ።

ሰውዬው እኛን ማድያታሞቹን ጭኖ ሄደ።

ፊቱ ጠርቶ የታጨችለት ልጅስ? «ሥራ ፈት አላገባም» ብላለች። ይኸው አያሌው፣ «ማድያት የሚያመጣ ቅባት አላችሁ?» እያለ ሱቅ ለሱቅ ይዞራል።