ሽማግሌ ልኬ በኢንዴክስ የወደቅሁበት ቅዳሜ

ይህን ያህል ዓመት አፌን ይዤ የኖርኩት ጨዋ ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ። አፍሬ ነው። ዛሬ ግን ይውጣልኝ።

ወገኖቼ፣ እኔ ሚስት ስጠይቅ የወደቅሁት በአክሲዮን ገበያ ጥያቄ ነው!

አዎ፣ በትክክል አንብባችኋል።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ውስጥ ነው። ዳላስ አጠገብ ጋርላንድ እኖራለሁ፣ እዚያው አካባቢ ፕሌኖ እሠራለሁ፤ አክሲዮን የሚያሻሽጥ ቢሮ ውስጥ። ሥራዬ ፖስታ በጋሪ እየገፉ ለየጠረጴዛው ማደል ነበር። ሰው ሲጠይቀኝ ግን አክሲዮኑን በእንግሊዝኛ አድርጌ "ስቶክ ላይ ነኝ" እላለሁ።

ውሸት ነው እንዴ? ፖስታው ውስጥ ያለው የስቶክ ወረቀት አይደል?

ሂሩትን ላገባ ፈለግሁ። አባቷ አቶ ተፈራ አዲስ አበባ ሃያ ዓመት ባንክ ሠርተው፣ እዚሁ ዳላስ አጠገብ ኧርቪንግ መጥተው ሆቴል ውስጥ እንግዳ የሚቀበሉ ዝምተኛ ሰው ናቸው። እሳቸው እሺ ካላሉ እንደማታገባኝ ሂሩት ቁርጡን ነግራኛለች። ስለዚህ ሽማግሌ መላክ ነበረብኝ።

ሦስት ሽማግሌ አገኘሁ። ዋናው ጋሽ ደምሴ ናቸው፤ ከቤታቸው ሁለት መንገድ ርቆ ያለ ሆስፒታል የሚሠሩ፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚያከብራቸው ሰው። ችግሩ፣ ሦስቱም ሃይዌይ መንዳት ይፈራሉ!

እና ማን ይንዳ? እኔ!

ላኪው ራሱ ሽማግሌዎቹን ጭኖ ሲሄድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ነውር ነው። ጋሽ ደምሴም መላ ፈጠሩ፤ "ራቅ ብለህ ፓርክ አድርግና ዝቅ ብለህ ተቀመጥ፤ ማንም እንዳያይህ" አሉኝ።

የዳላስ ሐምሌ፣ ሙሉ ሱፍ፣ ከረባት። ሞተሩ ድምፅ ያሰማል ብዬ ኤሲውን አጠፋሁት። መስኮቱንም ዘጋሁት።

ሃያ ደቂቃ ያህል እንደቆየሁ ጋሽ ደምሴ መጥተው መስኮቱን አንኳኩ።

"ውረድ፤ በመስኮት አይተውሃል። 'ሳንሰጠው በሙቀት ይሞትብናል፣ አስገቡት' ብለዋል።"

ላብ እንዳጠመቀኝ ገባሁ። አቶ ተፈራ ጋዜጣና እርሳስ ይዘው ተቀምጠዋል። ሂሩት ወጥ ቤት ናት፤ በሩ ገርበብ ብሏል።

"ጋሽ ደምሴ የስቶክ ባለሙያ ነህ ብለውኛል" አሉ አቶ ተፈራ ረጋ ብለው። "እስቲ አንድ ነገር አስረዳኝ። ትናንት ከሠላሳዎቹ ኩባንያዎች የሃያ ሁለቱ ዋጋ ወጥቷል። ኢንዴክሱ ግን ወርዷል። ለምንድነው?"

ለማታውቁት፣ ዜና ላይ በየቀኑ "ገበያው ወጣ፣ ወረደ" ሲባል የሚጠሩት ቁጥር ኢንዴክስ ይባላል። እሳቸው የጠየቁኝ ደግሞ ከመላ አገሪቱ አንቱ የተባሉ የሠላሳ ኩባንያዎች ዋጋ አንድ ላይ ሆኖ የሚሰጠው ቁጥር ነው። እኔም ይህን ያወቅሁት የዚያኑ ዕለት ነው!

"ያው፣ ትልቁ ኩባንያ ወርዶ ይሆናል ጋሼ" አልኩ።

"ትልቁማ ወጥቷል።"

እዚህ ላይ አላውቅም ማለት ይቻል ነበር። እኔ ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ አልኩ።

"እንግዲያው የጋዜጣው ስህተት ነው። ኦኬ፣ ሰኞ ኮል አድርጌ አስተካክላለሁ።"

ሽማግሌዎቹ በኩራት ራሳቸውን ነቀነቁ። ወጥ ቤት ውስጥ ማንኪያ ወደቀ።

አቶ ተፈራ ጋዜጣውን ወደ እኔ አዞሩትና እንደ ጥሩ አስተማሪ ጀመሩ። የሠላሳውን አክሲዮን ዋጋ ትደምራለህ፣ ከዚያ ለአንድ አካፋይ ታካፍላለህ። ኩባንያው ስንት ሠራተኛ አለው፣ ስንት ፎቅ አለው ተብሎ አይጠየቅም። የሚታየው የአንዷ አክሲዮን ዋጋ ብቻ ነው። መቶ ዶላር የምትሸጠው ሃያ ዶላር ከምትሸጠው አምስት እጥፍ ትከብዳለች። ሃያ ሁለቱ ሳንቲም ሳንቲም ሲወጡ፣ አንዷ ውድ ወርዳ ሁሉንም ይዛ ወረደች።

"አካፋዩስ? ሠላሳ ነው?" ሲሉ ጠየቁኝ።

"እንዴታ!" አልኩ። ሠላሳ ኩባንያ፣ ለሠላሳ። ምን ያጠራጥራል?

አይደለም! አንድ ኩባንያ አንዷን አክሲዮን ለሁለት ሲከፍላት ዋጋዋ በግማሽ ይወርዳል። ዳቦ ሁለት ቦታ ስለተቆረጠ ግን የጠፋ ዳቦ የለም። ስለዚህ ኢንዴክሱ ያለ ምክንያት እንዳይወድቅ አካፋዩን ያሳንሱታል። እንዲህ እየተደረገ ከሠላሳ በጣም ርቋል።

ከዚያ እርሳሳቸውን አስቀመጡ።

"ሶ፣ ሥራህ በትክክል ምንድነው ልጄ?"

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የኔ እስኪያድር እንኳ አልጠበቀም።

"ፖስታ ነው የማድለው" አልኩ።

ጋሽ ደምሴ ወደ እኔ ዞሩ። አልተቆጡም። "በእኔ አፍ ነው እንዴ የዋሸኸው?" ብቻ አሉ። 

አቶ ተፈራ ድምፃቸውን አላነሱም። "ስላንተ አጠያይቄያለሁ። ሰው አክባሪነትህ ወጥቷል። ታታሪነትህ ወጥቷል። ልጄን መውደድህም ወጥቷል። አንዷ ግን ወረደች፤ እሷ ደግሞ ውዷ ነች። ዛሬ አልሰጥህም።"

ወደ ጋርላንድ ስንመለስ ሦስቱም ሽማግሌዎች ከኋላ ተጣበው ተቀመጡ፤ ከጎኔ ያለው ወንበር ባዶውን ሄደ። ኤሲው ግን በደንብ ይሠራ ነበር።

ሰኞ ሂሩት ሥራ ቦታ ደወለችልኝ።

"አባዬ እኮ ያውቅ ነበር" አለችኝ። "ምን እንደምትሠራ ከወር በፊት እኔው ነግሬዋለሁ። 'ፖስታ ቢያድል ምን ነውር አለው? እኔስ የሰው ሻንጣ እቀበል የለ?' ነበር ያለኝ። ካንተው አፍ ሊሰማው ነበር የፈለገው።"

ስልኩን ዘግቼ ወደ ጋሪዬ ተመለስኩ።

ጋሽ ደምሴ እግር ላይ ወድቄ እስክታረቅ፣ እንደገናም ሽማግሌ እስክልክ ስድስት ወር ፈጀብኝ። ሁለተኛው ጊዜ ጋሽ ደምሴ ገና ከመግባታቸው "ልጃችን ፖስታ አዳይ ነው!" ብለው ጀመሩ አሉ። አቶ ተፈራም ያለ ምንም ጥያቄ ሰጡኝ።

እና ቁጭ ብዬ ሳስበው፣ ያንን ሥራ ከአባትየው እስከ ልጅቷ አንድም ሰው አልናቀውም። የናቅሁት እኔ ብቻ ነበርኩ!

ከእኔ የባሰ ቂል አለ? ካላችሁ ኮሜንት ላይ ብቅ በሉ፤ ብቻዬን መሆኑ ከብዶኛል።