እኔን የሚፈትን ጠፋ

ዕድሜ ሲገፋ ሰው ብዙ ነገር ይቀማል። ጉልበቱን ይቀማል፣ እንቅልፉን ይቀማል፣ ጥርሱ እንኳ ተራ በተራ ይሰናበተዋል። ይሄን ሁሉ ችዬዋለሁ። ያልቻልኩት «ተሳስተሻል» የሚለኝ ሰው መጥፋቱን ነው። ጨው የበዛበት ወጥ ባቀርብ እንግዶቼ «እጅዎ ይባረክ» እያሉ ውኃውን በላይ በላዩ ይጠጣሉ እንጂ አንዱም ትንፍሽ አይልም። ባጃጅ ላይ ያለ ቦታዬ ልወርድ ብል ሾፌሩ ሳይጠይቅ ያቆምልኛል፣ ተሳፋሪው እጄን ይዞ ያወርደኛል፣ ከዚያ ያንን ሁሉ ዳገት በእግሬ እመለሳለሁ። እንግዲህ መከበር ማለት ይሄ ነው። ያደክማል።

ለማታውቁኝ፣ ዘሃራ እባላለሁ፤ እዚህ አሰላ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ እንጀራዬ ነው። ሥራዬ የባለጉዳይ ማህደር ማውጣትና መመለስ ነው። ገበሬም ይሁን ነጋዴ መስኮቴ ላይ ቆሞ ስሙን ሲነግረኝ እግሬ ራሱ ወደ መደርደሪያው ይወስደኛል። እንዲህ ሆነን ስንኖር አንድ ቀን አለቃችን አቶ ታደሰ ሰበሰበንና ወረቀቱ ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ሊገባ መሆኑን፣ ሠራተኛው በሙሉ በዲጂታል ክህሎት ተመዝኖ የብቃት ማረጋገጫ ሰርተፍኬት መያዝ እንዳለበት፣ ከሁሉ የበለጠ ውጤት ያመጣው ደግሞ አዲሱን የኮምፒውተር ማህደር ክፍል እንደሚያስተባብር ነገረን። አጨበጨብን። እውነቱን ለመናገር ያጨበጨብነው እጃችንን ለማሞቅ ነው፤ የጭላሎ ተራራን ብርድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

እኔን ያስፈራኝ መውደቁ እንዳይመስላችሁ። ብወድቅ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ይመድቡኛል፣ እዚያም ሰው ይኖራል። ያስፈራኝ ማለፉ ነበር። ወረቀት ያለ ቦታው ቢገባ መቼም ከዚያ ክፍል አይወጣም፤ ስታስሱ ውላችሁ ታገኙታላችሁ። ኮምፒውተር ላይ ግን በአንዲት ጣት ስህተት የሰው ቤት፣ የሰው መሬት ድራሹ ሊጠፋ ይችላል። ታዲያ ይሄን ሥራ እችለዋለሁ ወይስ አልችለውም? ሰው አይቶኝ፣ መዝኖኝ፣ እቅጩን እንዲነግረኝ ፈለግሁ። ከፈተናው የምጠብቀው ይሄንኑ ነበር።

ስለዚህ ለመማር ቆረጥኩ። ሰናይት የምትባል ከጎኔ የምትሠራ ወጣት አለች፤ ሥራ አዋቂ ናት፣ ግን ምላሷ ስለት ነው፣ ሰው አይደፍራትም። በየምሳ ሰዓቱ ምሳችንን አንድ ላይ እየበላን አለማመደችኝ። ወረቀቱን ስካን ማድረግ፣ ስም መስጠት፣ በቦታው ማስቀመጥ፣ መልሶ ፈልጎ ማውጣት። «አዴ ዘሃራ፣ ማውሱን እንደ ዶሮ አንቀው አይያዙት እንጂ!» ትለኛለች። አዴ በኦሮምኛ ወይዘሮ ማለት ነው፤ እዚህ ሁሉም የሚጠራኝ እንዲያ ነው። ተናደድኩባት፣ ተሳደብኩ፣ ግን እጄ ቀስ በቀስ መፍታታት ጀመረ።

የፈተናው ቀን ደረሰ። በር ላይ ተሰልፈን ሳለ ወጣቶቹ ሁሉ «እርስዎ ይቅደሙ» ብለው አስቀደሙኝ። ስገባ መዛኙ ከወንበሩ ዘሎ ተነሳ። ለካ የጎረቤቴ ልጅ ከድር ነው! በዓይኔ ፊት ያደገ ልጅ እኮ ነው፣ ኮሌጅ ጨርሶ ሰው መዛኝ ሆኖ መጣልኝ። ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን ብዙም አልቆየም።

መጀመሪያ ስለ ጉልበቴ ጠየቀኝ፣ ቀጥሎ ስለ ልጆቼ፣ ቀጥሎ ስለ ላሜ። ላሟን ከሸጥኳት ቆይቷል። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ፣ ብድር እንደሚጠይቅ ሰው እየተሽኮረመመ ጥያቄውን ጀመረ። «ይቅርታ ያድርጉልኝና አዴ፣ የይለፍ ቃልን ለሌላ ሰው መስጠት ተገቢ ነው?» አፌን ሳልከፍት «እርስዎማ እንደማይሰጡ አውቃለሁ» አለና ትክክለኛው መልስ ላይ ምልክት አደረገልኝ። የቃል ፈተናው በሙሉ በዚሁ መንገድ አለቀ።

ቀጥሎ የተግባሩ መጣ። ስካን አድርጎ፣ ስም ሰጥቶ፣ በቦታው አስቀምጦ፣ መልሶ ፈልጎ ማውጣት። እሰይ! ያ ሰናይት ያለማመደችኝ! እጄን ወደ ማውሱ ስሰድ ከድር ቀደመኝ።

«ኧረ እርስዎ አይልፉ!»

«ልጄ፣ ተወኝ ልፈተን» አልኩት።

«ሃዳ ኮ!» አለ፤ እናቴ ማለቱ ነው። «እርስዎን ፈትኜ በየትኛው ፊቴ ቤት ልገባ ነው?»

ሁሉን ነገር ራሱ ሠራው። መሀል ላይ ተሳሳተና እኔን ይቅርታ ጠይቆ አስተካከለው። ወላሂ ደሜ ፈላ። እንዳልጮህበት ልጁ ላብ በላብ ሆኗል፤ ከእኔ ይልቅ የተፈተነው እሱ ነው የሚመስለው። መርቄው ወጣሁ። ምን ላድርግ?

ከእኔ ቀጥላ ሰናይት ገባች። እሷ ወጣት ናት፣ ጉልበቷን የሚጠይቃት የለም፤ እንደ ደንቡ ፈትኗት ፊቷ ቀልቶ ወጣች። ውጤት ሲነገር አንደኛ ዘሃራ፣ ሁለተኛ ሰናይት። ሰው ሁሉ ከመቀመጫው ተነስቶ አጨበጨበልኝ። አቶ ታደሰ ሰርተፍኬቴን በፍሬም አድርጎ ግድግዳ ላይ ሰቀለልኝና አዲሱን ክፍል አስረከበኝ። ሰናይት ከዚያን ቀን ጀምሮ ምሳዋን ይዛ ሌላ ክፍል መብላት ጀመረች።

እግሬን እየጎተትኩ አቶ ታደሰ ዘንድ ሄድኩ። «እኔ አልተፈተንኩም፤ ማውሱን በጣቴም አልነካሁት» አልኩት። አስተያየቱ ሁሉ ፍቅር ሆነ። «እኔን የሚገርመኝ ይሄ ትሕትናዎ ነው!» አለኝ። በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ አንስቶ ለሠራተኛው ሁሉ ምሳሌ አደረገኝ። እንደገና ተጨበጨበልኝ።

በአዲሱ ክፍል የመጀመሪያው ባለጉዳይ ከዲክሲስ የመጣ ሽማግሌ ነበር፤ ካፖርቱ በዝናብ ርሷል፣ ጫማው ጭቃ ነው። የመሬቱን ማህደር ፈለገ። ማሽኑ ፊት ተቀመጥኩ። አንዱን ብነካ ሌላው ቢጠፋስ? ማንን ልጠይቅ? አስተባባሪዋ እኔ ነኝ፤ ሰርተፍኬቱ ከራሴ በላይ ተሰቅሏል። በዚያች ሰዓት የነበረኝን የዲጂታል ክህሎት በሙሉ አወጣሁት። «ኔትወርክ የለም» አልኩ። ሽማግሌው አመስግኖኝ፣ መርቆኝ፣ ዝናቡ ውስጥ ተመልሶ ሄደ። ጀርባውን ሳየው ሆዴ ባባ። ይሄ ሰው ምን በደለኝ?

በምሳ ሰዓት ሰናይት ያለችበት ክፍል ገባሁ።

«ፈትኚኝ» አልኳት።

«ሰርተፍኬት አለዎት አይደል?»

«የከድር ሰርተፍኬት ነው። እሱ ነው የሠራው፤ እኔ ቁጭ ብዬ አየሁ።»

ማኘኳን አቆመች። «ታዲያ ለምን አይናገሩም?»

«ተናገርኩ። አጨበጨቡልኝ።»

ሳትወድ ፈገግ አለች። ከዚያ ተነሳችና ወንበር ስባ ኮምፒውተሯ ፊት አስቀመጠችኝ፤ እሷ ከኋላዬ እጆቿን አጣምራ ቆመች። የድሮ ደብዳቤ ሰጠችኝ። ስካን አደረግሁ። ስም ሰጠሁት። አስቀመጥኩት። «አሁን ፈልገው ያውጡት» አለች። ፈለግሁ። የለም። ከላይ ከታች አሰስኩት፣ የለም። ዞሬ በዓይኔ ለመንኳት። «ፈተና ነው» አለችና ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመረች።

በዚህ መሀል የሂሳብ ክፍሉ ኢስማኤል ብቅ አለ። «እንዴ ሰናይት፣ አዴን እንዲህ ታለፊያቸዋለሽ? ነውር አይደለም?» ብሎ እጁን ወደ ማውሱ ሰደደ። ሰናይት እጁን መታችው። «አይነካም!» አለችው። አበስኩ ገበርኩ እያለ ወጣ። እኔ ሰዓቱ እስኪያልቅ አሰስኩ።

«ወድቀዋል አዴ» አለችኝ። «የት እንዳስቀመጡት ሳያዩ ነው ያስቀመጡት። ይሄ የሰው ማህደር ቢሆን ይሄኔ ጠፍቶ ነበር።»

እንባዬ መጣ። ሰናይት ደንግጣ አጠገቤ ተንበረከከች፤ «ተቀየሙኝ?» አለችኝ። አልተቀየምኩም። ስንት ዘመኔ እንዲህ ያለ ነገር ከሰው አፍ ከሰማሁ! ጉንጯን ሳምኳትና የጠፋብኝን ቦታ አሳዪኝ አልኳት። አሳየችኝ። የዲክሲሱንም ሽማግሌ በስልክ አስጠራነው፤ ማህደሩን እሷ አወጣችለት፣ እኔ ከጎኗ ቆሜ አየሁ።

በማግስቱ አቶ ታደሰ ዘንድ ሄጄ «ወድቄያለሁ፤ ክፍሉን ለሰናይት ስጣት» አልኩት። ሳቀ። «እርስዎ እያሉ?» አለኝ። አሁን ክፍሉን በስም እኔ፣ በሥራ ሰናይት እናስተባብራለን፤ ሰርተፍኬቱም ከነፍሬሙ ተሰቅሏል። እኔ በየምሳ ሰዓቱ እፈተናለሁ። እስካሁን አላለፍኩም። ለሰው ስናገር ሁሉም «ትሕትናዎ ነው» ይለኛል። አልሐምዱሊላህ፣ ከዚህ ሁሉ የአሰላ ሰው መሀል አንዲት ሰናይት ታምነኛለች።