ጉርሻ የከለከለው ደንብ

የሕፃናት ማቆያ ደንብ የሚያወጡ ሰዎች ሕፃን አብልተው አያውቁም! አዎ፣ ደፍሬ ተናግሬያለሁ። አብልተው ቢያውቁማ ኖሮ "ልጁ በራሱ እጅ፣ በራሱ ማንኪያ ይብላ፤ ሠራተኛ እንዳታጎርስ" ብለው ባልጻፉ ነበር። የሁለት ዓመት ልጅ ማንኪያ ሲይዝ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሩዙ ጆሮ ይገባል፣ ጫማ ይገባል፣ የጎረቤት አንገት ይገባል... አፍ ብቻ አይገባም!

የምሠራው እዚህ ኩዌት፣ ሚርቃብ ውስጥ፣ አንዲት ሐዳና ነው፤ ሐዳና የሚሉት የሕፃናት ማቆያውን ነው። ጠዋት ጠዋት ከአባሲያ በአውቶቡስ ተጋፍቼ እመጣና ምሳ ሰዓት ላይ ሩዝ በዶሮ አበላለሁ። ታዲያ ምን ላድርግ? ልጅ ፊቴ ተቀምጦ እየራበው እጄን አጣጥፌ ልየው? ጠቅለል አድርጌ "በሞቴ!" እያልኩ አጎርሳቸዋለሁ። እነሱም እንደ ወፍ ጫጩት አፋቸውን ከፍተው ይጠብቁኛል። ሳህኑ ሙልጭ! ዳይሬክተሯ ማዳም "እንዴት ወፈሩልሽ!" እያለች ታመሰግነኛለች። በምን እንደወፈሩ ግን እያወቀች አትጠይቅም።

አንድ ቀን ማዳም ፊቷ አመድ መስሎ እየሮጠች ገባች።

"ተቆጣጣሪ መጣች! ስታጎርሺ ከታየሽ ፈቃዳችን ይሰረዛል። ያኔ ያንቺም ኢቃማ..."

አልጨረሰችውም። ምን ትጨርሰው! የመኖሪያ ፈቃዴ ከሄደ እኔም ተከትዬው ወደ ቦሌ ነኝ።

እጆቼን ወደ ኋላ አጣምሬ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ተቆጣጣሪዋ ገባች፤ አልጋ ለካች፣ መስኮት ነካካች፣ ማንኪያ ሁሉ አገላብጣ አየች። ምሳ ቀረበ። ልጆቹስ? ማንኪያ የነካ አንድም የለም! ሁሉም አፋቸውን በርግደው ወደ እኔ አፈጠጡ።

"ምን ሆነው ነው?"

"እ... እየዘመሩ ነው" አለች ማዳም።

"ድምፅ የለውም እኮ!"

"ሊጀምሩ ነው።"

ይሄኔ ዳና ተነሳች። ዳና የሦስት ዓመት ጉድ ናት። እኔን መጠበቅ ሰለቻት መሰለኝ፣ ሩዙን ዘግና ጎረቤቷን አጎረሰችው። እሱ ደግሞ ቀጣዩን! ጠረጴዛው በአንዴ ሠርግ ቤት ሆነ። ወይኔ ጉዴ፣ አለቀልኝ! ዳና ግን ገና መጀመሯ ነው። ተቆጣጣሪዋ ዘንድ ሄደች፣ በእግር ጣቷ ቆመች፣ እጇን ሽቅብ ዘረጋችና "በሞቴ!" አለች።

"ምን እያለች ነው?"

ልዋሽ ብል ዓረብኛዬ አልበቃኝም። "ካልበላሽ ሞቼ ልገኝ እያለች ነው" አልኩ።

ሴትየዋ ደነገጠች። እምቢ ልትል ስትል የዳና ከንፈር መንቀጥቀጥ ጀመረ። ልጅ ማስለቀስ ደግሞ በደንቡ ክልክል ነው! ወደደችም ጠላችም ጎረሰች። አኘከች። ፊቷ ተኮማተረ።

"ይሄ ሩዝ ጨው የለውም!"

"ደንቡ ከልክሎ ነው" አልኩ፤ አፌ ቀደመኝ።

"የትኛው የማይረባ ደንብ?"

ማዳምን ሳል ያዛት። "የ... የእናንተው።"

ዳና ግን ደንብ የሚባል ነገር መኖሩንም ሳታውቅ ሁለተኛውን ጉርሻ ይዛ ደረሰች። ተቆጣጣሪዋ ዳናን አየች፣ እኔን አየች፣ ዞር ብላ ኮሪደሩን አየች። ማንም የለም።

"ስሚ" አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "በሩን ዝጊና ጨው አምጪ!"