ለማንም የማይነገር ጉዞ

ዕረፍት የሚባለውን ነገር ያመጣው ሰው ልጅ ያልወለደ መሆን አለበት። ልጅ ይዞ ለማረፍ መሰናዳት ዓመቱን ሙሉ ከመሥራት ይብሳል። እኔ በበኩሌ ገና ከባሕር ዳር ሳልወጣ ደክሞኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ እህቴ ጣልያን አገር ትኖራለች። እኔን አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ልጆቼን ግን በስልክ እንጂ በዓይኗ አላየቻቸውም። ዘንድሮ ቲኬቱን እኛ እንችላለን፣ ለአንድ ሳምንት ኑ አለችን። መጀመሪያ ከተማውን እናያለን፣ ከዚያ ባሏ የተወለደበት ገጠር ወርደን እናርፋለን። ቪዛውም ተገኘ። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ። ትንሹ ልጅ አውሮፕላን ላይ ቢያለቅስስ? ልጅቱ ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል ብትጠፋብኝ በምን ቋንቋ እጠይቃለሁ? ገጠሩስ ውስጥ ውሻው ይታሰራል ወይስ እንዲሁ ነው የሚለቀቀው? እህቴን ስጠይቃት ትስቃለች። እሷ ምን አለባት።

ባሌ ፋብሪካ የሚሠራ ዝምተኛ ሰው ነው። እሱ የሚፈራው አውሮፕላኑን ሳይሆን የሰው ዓይን ነው። እግራችን ከመሬት ሳይነሳ ለማንም ትንፍሽ እንዳትይ፣ የተወራ መንገድ ይሰናከላል አለኝ። ይህንስ ማን ያጣዋል? በእኛ አገር ሰው መሄዱ የሚሰማው ከሄደ በኋላ ነው። እሺ አልሁ። አምስት ዓመት የሆናትን ልጄን ቤዛንም ዝም ካልሽ በየቀኑ ከረሜላ አለሽ ብዬ አስማልኋት።

ብዙም ሳይቆይ ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ፣ የቆላ ድባ ሰው ናቸው፣ አንድ ፌስታል ሽሮ ይዘው ከች አሉ።

"ለልጄ ታደርሺልኛለሽ፤ አንቺን አይከብድሽም" አሉኝ።

የት ነው የማደርሰው ብዬ ልሸሽ ሞከርሁ።

"ወደምትሄጂበት ነዋ።"

ልጃቸው ያለችው ቤይሩት ነው። ተይዣለሁና እኛ የምንሄደው ጣልያን ነው ብላቸው፣ "ባሕሩን ከተሻገርሽ በኋላ ምን ይርቃል" ብለው ፌስታሉን ጥለውልኝ ሄዱ። በማግስቱ በርበሬ መጣ። ከከተማው ወጣ ካለው ከሰባታሚት ድረስ ቋንጣ መጣ። የልጆቹ ልብስ ከሻንጣው እየወጣ የሰው አደራ ይገባ ጀመር። እምቢ አይባል ነገር፤ እምቢ ያለ ሰው ገና ሳይሄድ ኮራ ይባላል።

ቤዛን ይዤ መረመርኋት። አልተናገርሁም እማ አለች። አላመንኋትም፤ ከረሜላውን አስቀረሁባት። ባሌ እሷንም እኔንም በየተራ እያየ ራሱን ይነቀንቃል። ከዚህ ቤት አፉን መያዝ ያቃተው ሰው አለ፣ ያ ሰው እኔ አይደለሁም አለ።

የእኔ ጭንቅ ግን ሌላ ነበር። ቆላ ድባ ያሉት አማቴ አልተነገራቸውም። ባሌ ይጨነቁብናል፣ በመጨረሻ እንነግራቸዋለን እያለ አቆየው። አሁን አገር ሁሉ ሰምቶ እሳቸው ከሰው አፍ ቢሰሙስ? ተቀይመው ባይመርቁንስ? እኔ እሳቸው ሳይመርቁኝ እንኳን አውሮፕላን የጣና ጀልባም አልሳፈርም። ስለዚህ ልጆቹን አንጠልጥለን ቆላ ድባ ሄድን። ትንሹ መንገዱን ሙሉ አስታወከ። ያስታወከው እኔ ላይ ነው፤ ሌላ ማን ላይ ያስታውካል?

እማማ ፊት ተቀምጬ ዙሪያውን ዞርሁ። ከብቱ እንዴት ነው፣ እህሉስ አልሁ። ኋላ እንደምንም አወጣሁት፤ ከተማ እናያለን፣ ከዚያ ገጠር ወርደን እናርፋለን አልኋቸው።

"ገጠር ለማየት ነው ባሕር የምትሻገሩት?" አሉኝ ረጋ ብለው። "ይኸው ገጠር። ማን ከለከላችሁ?"

በቃ ተቀየሙ ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን ተነሥተው ከጓዳ አንድ ከረጢት ቆሎ እየጎተቱ አመጡ። ተለቅሞ፣ ተቆልቶ፣ የከረጢቱ አፍ ተሰፍቶ ያለቀ ነው። ለእህትሽ ነው አሉኝ።

እማማ፣ ደግሞ መቼ ሰሙ? አልኋቸው።

"ልጄ ገና ቪዛውን ሳትጠይቁ ነግሮኛል። ለማንም አይነገር ስላለኝ ለማንም አልተነፈስሁም። ለሰንበቴ ማኅበራችን ብቻ ነው የተናገርሁ፣ እሑድ ስንገናኝ፣ በጸሎት አስቡልኝ ብዬ። ጸሎት ደግሞ ወሬ አይደለም።"

ከሰንበቴው ማኅበርተኞች አንዷ የእትዬ ዘነቡ እህት ናት። ባሌን አየሁት። እሱ የቤቱን ጣራ ያያል።

እማማ ቆመው መረቁን። በሰላም ያድርሳችሁ፣ በሰላም ይመልሳችሁ፣ ልጆቹን ከክፉ ዓይን ይሰውርልኝ አሉ። እኔም ከስንት ቀን በኋላ ትንፋሽ አገኘሁ። መርቀው ሲጨርሱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና፣

"እንግዲህ አደራ፣ ለሰው እንዳታወሪ። ልጄ ሚስቴ አፏን አትችልም እያለ ሲጨነቅ ነበር" አሉኝ።

ከመናኸሪያው ለቤዛ ከረሜላዋን ገዛሁላት፤ ካሰበችው በላይ። ከዚያ ቆሎውን ታቅፌ ባሕር ዳር እስክንደርስ አንዲት ቃል አልተናገርሁም። ባሌ ምስጢር መያዝ የለመድሁ መስሎት መንገዱን ሙሉ ደስ ብሎት መጣ።