ሊቀ ሥር ወደ ውሃ ሲወርዱ

ነገር እንዲሁ ዝም ብሎ በሰላም መኖሩ የማያስችለው ሰው ከየትኛውም ቤተሰብ አይጠፋም። ሸሚዝህን ስትቆልፍ ካየህ ቁልፍ ከየት እንደመጣ ይነግርሃል። ስታስነጥስ ደግሞ "ይማርህ" ከማለቱ በፊት "ይማርህ" ማለት እንዴት እንደተጀመረ ያስረዳሃል፤ እሱ ተናግሮ ሳይጨርስ አንተ ሁለተኛውን ታስነጥሳለህ። ይህ ሰው ክፉ አይደለም። ክፉ ቢሆንማ በቀላሉ በተገላገሉት።

የዚህ ታሪክ ባለቤት በዚህ ረገድ አቻ አልነበራቸውም። ማተሚያ ቤት ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ አራሚ ሆነው ሠርተው ጡረታ ሲወጡ የሚያርሙት ወረቀት አጡና ሰውን ማረም ጀመሩ። አፋቸውን የሚከፍቱት "እስቲ ሥሩን እንይ!" ብለው ነው። ዘመድ አዝማዱም ተማክሮ "ሊቀ ሥር" የሚል ማዕረግ ሰጣቸው። ማዕረጉ ፌዝ መሆኑ ያልገባቸው እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ወይም ገብቷቸው ወደውታል።

የማዕረጉን ሸክም የተሸከመችው ግን የእህታቸው ልጅ ናት። እናቷ በልጅነቷ ስለሞተችባት ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ፀጉሯን ጎንጉነው ትምህርት ቤት ያደረሷት፣ ስትታመም አልጋዋ ሥር ያደሩት እሳቸው ናቸው። ሚስት አላገቡም፤ "አንዲት ልጅ ታጭታላቸው ነበር፤ 'እስቲ የጋብቻን ሥር እንይ' ብለው ጀምረው ሳይጨርሱ ልጅቷ ሌላ አገባች" የሚሉ አሉ። ልጅቷ ዛሬ አድጋ፣ አግብታ፣ ፋርማሲስት ሆናለች። ሊቀ ሥር ፋርማሲው ብቅ ካሉ ሠራተኞቹ ይተያያሉ። አንድ ቀን ራሱን ይዞ እያቃሰተ የመጣን ሰው አስቁመው የመድኃኒቱ ስም ከየትኛው ቋንቋ እንደተወለደ ሲያስረዱት ሰውየው በመጨረሻ፣ "አባቴ፣ እኔ ስገባ ራሴን ነበር ያመመኝ፤ አሁን ጆሮዬንም ጨመሩልኝ" አለ።

ከሥሮች ሁሉ ግን አንዱን ሥር አብልጠው ይወዱ ነበር፤ የክርስትናን ጥምቀት። የዘመድ ልጅ በተጠመቀ ቁጥር አጨብጫቢው ሲያጨበጭብ እሳቸው ይነሣሉ። "ይሄ የምታዩት ከአይሁድ የመጣ ነው! ሚቅዌ ይሉታል፤ የመንጻት ውሃ። ዮሐንስ አዲስ ነገር አላመጣም፤ የአባቶቹን ነው የቀጠለው!" ያኔ ሰው ሁሉ ሳህኑን እንደያዘ ወደ ጓሮ መሸሽ ይጀምራል።

ይባስ ብለው ደግሞ አንድ ጊዜ፣ የአንዲት የሩቅ ዘመድ ልጅ ስትጠመቅ፣ ቄሱ በእጃቸው ውሃ እየዘገኑ የሕፃኗ አናት ላይ ሲያፈስሱ አይተው አላስቻላቸውም። "አበባ ናት እንዴ የሚያጠጧት?" አሉ፣ እዚያው መካከል። "ማጥመቅ ማለት መንከር ነው! ጨርቅ ቀለም ውስጥ ስትነክሩ ያልገባው ጎን ነጭ ሆኖ ይቀራል!" የሕፃኗ እናት አለቀሰች። የእህታቸው ልጅ አማት እዚያ ነበሩና ከዚያ ቀን ጀምሮ ሊቀ ሥርን ባዩ ቁጥር ከንፈራቸውን ይነክሳሉ።

ሊቀ ሥርን ሳይሸሽ የሚያዳምጣቸው ሰው በከተማው ውስጥ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ ስለሚሠራ የሚሸሽበት ስላልነበረው ነው። ይህ ሰው ሚስቱ የሞተችበት ሽማግሌ ሰዓት ሠሪ፣ አይሁዳዊ፣ የድሮ ጓደኛቸው ነው። ሊቀ ሥር በየጠዋቱ ይመጣሉ፤ ባለሦስት እግሩን በርጩማ ስበው ይቀመጣሉ፤ ይጀምራሉ።

"ዮሐንስ የማን ልጅ ነበር? የካህን ልጅ! ያጠመቃቸውስ እነማን ነበሩ? አይሁድ!"

"እና?" ይላል ሰዓት ሠሪው፣ ዓይኑን ከሰዓቱ ጥርሳም መዘውር ሳይነቅል።

"እናማ ነገሩ አንድ ነው!"

"አንድ አይደለም። የእኛዋ ሚስት ለመንጻት በየወሩ ውሃው ውስጥ ትገባለች፤ የናንተ ሰው በዕድሜው አንዴ። የእኛ ሰው ከመግባቱም በፊት አይሁዳዊ ነው፣ ከወጣም በኋላ ያው ነው፤ የናንተ ግን ሲወጣ ሌላ ሰው ሆኖ ተወለደ ትላላችሁ። የኛን ለኛ ተዉልን፣ የናንተን ያዙ።"

"ከሌላ ሕዝብ መጥቶ ወደ እናንተ ሃይማኖት የሚገባውስ? እሱስ ውሃ አይወርድም?"

"ይወርዳል።"

"አሃ!"

"መቼ እንደተጀመረ ግን ሊቃውንቱ አልተስማሙም። ከናንተ ጥምቀት ይቀድማል የሚል አለ፤ አይ፣ ይከተላል የሚል አለ።"

"እኔን ስላልጠየቁኝ ነው ያልተስማሙት።"

ከዚያ ቄሱ ዘንድ ይሄዳሉ። ቄሱ ትዕግሥተኛ ሰው ናቸው። "ሥሩ ብሉይ ውስጥ መሆኑን ማን ካደ?" ይሏቸዋል። "መንጻቱ አለ፤ ግን የኛ ጥምቀት መንጻት ብቻ አይደለም፣ ልደት ነው፤ ከክርስቶስ ጋር መሞትና መነሣት ነው።" ቄሱና ሰዓት ሠሪው በዚህ ዓለም የሚስማሙበት አንድ ነገር ቢኖር ሊቀ ሥር መሳሳታቸው ነበር።

እንዲህ ሆኖ ሳለ የእህታቸው ልጅ ወንድ ልጅ ወለደች።

ልጁ የክርስትና አባት ያስፈልገው ነበር። አማቷ የራሳቸውን ወንድም አስበው ኖሮ፣ "እኚያ ሰውዬ ከሆኑ እኮ ልጁ ውሃው ውስጥ ሆኖ ንግግራቸው እስኪያልቅ ይበርደዋል" አሉ። እሷ ግን "ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው፤ ሌላ ሰው አላስብም" ብላ ወሰነች። ባሏም ከጎኗ ቆመ። አማቷ እያጉረመረሙ እሺ አሉ።

ደስ እያላት ሄዳ ነገረቻቸው። ሊቀ ሥር መነጽራቸውን አወለቁ፤ ጠረጉት፤ መልሰው አጠለቁት።

"ሌላ ሰው ፈልጊ" አሉ።

"ምን አሉኝ ጋሼ?"

"ሌላ ሰው ፈልጊ አልኩሽ።"

ይኸው ነው፤ ሌላ አልጨመሩም። የቁልፍን ሥር የሚያብራሩ ሰው ለዚህ ማብራሪያ አልነበራቸውም። ደሟ ፈላ። "ሳይጠሩ በሰው ልጅ ጥምቀት ላይ ስንቱን ይናገራሉ! ዛሬ የእኔ ልጅ ሲሆን፣ ተጠርተው ሲለመኑ፣ ሌላ ሰው ፈልጊ? የእናቴ ወንድም አይደሉም?" እሳቸው መስኮቱን አዩ። እሷም በሩን ገጭ አድርጋ ወጣች።

እንባዋን እየጠረገች በሰዓት ሠሪው ሱቅ በኩል ስታልፍ ሽማግሌው ጠራት፤ ገብታም የሆነውን አጫወተችው።

"ተቆጥቶ ነው?"

"አልተቆጡም። ዝም አሉ።"

"ዝም?" ሰዓት ሠሪው ወረንጦውን አስቀመጠ። "እሱ? ዝም? ልጄ፣ ይሄ ሰው ታሟል።" ሱቁን ቆልፎ ካፖርቱን ሳይለብስ አብሯት ሄደ።

ሊቀ ሥር እንደተቀመጡ አገኟቸው። ሁለቱ ፊት ለፊታቸው ቆሙ። ጓደኛቸው፣ "ተናገር እንጂ አንተ ሰው፣ ልጅቷን አስለቅሰህ ትቀመጣለህ?" ሲላቸው፣

"የክርስትና አባት የተጠመቀ ሰው መሆን አለበት" አሉ።

"አዎ፤ ታዲያስ?" አለች ልጅቷ።

"ታዲያማ እኔ አልተጠመቅሁም።"

ሰዓት ሠሪው በርጩማ ፈልጎ ተቀመጠ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አባታቸውና እናታቸው ከተለያየ ቤተ ክርስቲያን ናቸው። የበኩር ልጅ ሲወለድ አንዱ "በእኔ" ሌላዋ "በእኔ" ሲባባሉ ልጁ ዳዴ አለ፣ ቆመ፣ መሮጥ ጀመረ። እህታቸው ስትወለድ ወላጆቹ ክርክሩ ስለሰለቻቸው ቶሎ ብለው አስጠመቋት፤ "እሱንም አብረን" ሲባል ግን ልጁ አልተገኘም። ልጁ ያልተገኘው ከዚያ ቀደም ብሎ ወንዝ ወስዶት፣ አንዲት ልብስ አጣቢ በፀጉሩ ጎትታ ስላወጣችው፣ ውሃ የሚል ቃል ሲሰማ አልጋ ሥር ስለሚገባ ነው። ከዚያ ወዲህ ሊቀ ሥር ከጉልበታቸው በላይ ውሃ ውስጥ ገብተው አያውቁም። የሚታጠቡት በጣሳ እየቀዱ ነው።

"ያንን ሁሉ ዘመን ስለ ጥምቀት ስታደርቀኝ!" አለ ሰዓት ሠሪው።

"ሰው የፈራውን ነገር ከሩቅ አጥርቶ ያያል" አሉ ሊቀ ሥር፣ ራሳቸውን ሳያነሡ።

የእህታቸው ልጅ ቁጣዋ የት እንደገባ አላወቀችም። አጠገባቸው ተቀምጣ እጃቸውን ያዘች።

በማግስቱ ሦስቱም ቄሱ ዘንድ ሄዱ። ቄሱ ሰምተው አልሳቁም፤ ሳቃቸውን ለመያዝ ግን ጢማቸውን ደጋግመው መዳበስ አስፈልጓቸዋል። "መፍትሔ አለው" አሉ። "ለደከመና ለሚፈራ ሰው በአናቱ ላይ በማፍሰስም ይፈጸማል። ምንም አይጎድለውም።"

የእህታቸው ልጅ "ተመስገን!" ልትል አፏን ከፈተች። ሊቀ ሥር ግን እንደ ቀትር ጥላ አጠሩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አይመለስም። ማፍሰስን በሰው ሁሉ ፊት "አበባ ማጠጣት" ያሉት እሳቸው ናቸው። ወሬውም ሳይውል ሳያድር አማቷ ጆሮ ደርሶ፣ "ታዲያ ምን ችግር አለው፤ ያጠጧቸዋ!" ብለዋል አሉ።

"መንከር ነው" አሉ ሊቀ ሥር በቀጭን ድምፅ። "ቃሉ... መንከር ነው።"

እስከ ቀጠሮው ድረስ እንቅልፍ አጡ። ወደ ሰዓት ሠሪው ሱቅ ሄደው እንደ ወትሮው ተቀመጡ፤ ጥያቄያቸው ግን የወትሮው አልነበረም።

"ሚስትህ... ነፍሷን ይማርና... ውሃው ውስጥ ስትገባ እንዴት ነበር የምታደርገው?"

ሰዓት ሠሪው ሥራውን አቆመ። በዚያ ሁሉ ክርክር ይህን ጠይቀውት አያውቁም ነበር። "ቀለበቷን ታወልቃለች" አለ ቀስ ብሎ። "ፀጉሯን ታበጥራለች፤ በውሃውና በገላዋ መካከል ምንም እንዳይገባ። ከዚያ ራሷ ትወርዳለች። ምንም አትጨብጥም፤ ጣቶቿን ትከፍታለች፤ እግሯን ከወለሉ ታነሣለች።"

"የሚይዛትስ?"

"ማንም አይይዛትም። አንዲት ሴት ዳር ቆማ ታያለች እንጂ። 'መጀመሪያ እፈራ ነበር፤ በኋላ ግን ከቤቱ ሥራ ሁሉ የማርፍባት ደቂቃ እሷ ሆነች' ትለኝ ነበር።"

ሊቀ ሥር ፊታቸው አመድ መሰለ። "ማንም አይይዝም?" አሉ ደግመው። ሥሩን ፍለጋ ያን ያህል ሲቆፍሩ ይህ አልታያቸውም ነበር።

ቀኑ ደረሰ። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ፣ በስተኋላ፣ ደረጃ ያለው ጥልቅ ገንዳ አለ። መጀመሪያ ሊቀ ሥር፣ ቀጥሎ ሕፃኑ እንዲጠመቁ ተወስኗል። ዘመድ ሁሉ መጥቷል፤ ግማሹ ለልጁ፣ ግማሹ ለሊቀ ሥር፤ እውነቱን ለመናገር የሊቀ ሥር ግማሽ ከልጁ ግማሽ ይበልጥ ነበር። ሰዓት ሠሪው ባርኔጣውን እንዳደረገ፣ የሊቀ ሥርን መነጽር ኪሱ ውስጥ ይዞ፣ ከበሩ አጠገብ ቆሟል። ሊቀ ሥር በነጭ ቀሚስ፣ ያለ መነጽር፣ በባዶ እግራቸው ወጡ። የእህታቸው ልጅ ሰውነታቸው ይህን ያህል ትንሽ መሆኑን ከዚያ በፊት አላስተዋለችም ነበር።

የመጀመሪያው ደረጃ ላይ እግራቸው ውሃውን ሲነካ ቆሙ። ወደ ኋላ ዞሩ። ዘመዱ ሁሉ ንግግሩ መጣ ብሎ ተዘጋጀ። እሳቸው ግን የገንዳውን ጠርዝ ጨበጡ።

"እኔን ይያዙኝ" አሉ ቄሱ፣ ወገባቸው ድረስ ውሃው ውስጥ ሆነው።

"መያዝ... ይፈቀዳል?"

"እኔ ነኝ እንጂ የምይዝዎት። እርስዎ ራስዎን አያጠምቁም፤ በሰው እጅ ነው የሚሆነው። ይምጡ።"

ሊቀ ሥር ጠርዙን ለቀቁ። ከዚያ ወረዱ። የቄሱ ሰፊ መዳፍ ማጅራታቸውን ያዘ። አንዴ ገቡ። ወጡ። ሁለተኛ ገቡ፤ ከበሩ በኩል "አይዞህ!" የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ባርኔጣው ሲወድቅም ታየ። ሦስተኛ ገብተው ሲወጡ የቄሱን እጅጌ በሁለት እጃቸው ጭምቅ አድርገው ይዘው ነበር፤ ሊያላቅቋቸውም ጊዜ ፈጀ።

ዳር ላይ ትልቅ ወፍራም ፎጣ ዘርግተው የጠበቋቸው አማቷ ናቸው። ያን ቀን ከንፈራቸውን አልነከሱም። ጀርባቸውን እንደ ሕፃን እያሹ፣ "በሉ፣ በሉ፣ አለቀ" አሏቸው።

"ቄሱ አልለቀቁኝም" አሉ ሊቀ ሥር፣ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ። "አልለቀቁኝም እኮ።"

ከዚያም ሕፃኑን ታቀፉ። ስለምንም ሥር አልተናገሩም። ልጁ ውሃው ገና ሳይነካው ሲጮህ ጎንበስ ብለው በጆሮው የሆነ ነገር አንሾካሾኩለት፤ እሱ ግን ምክራቸውን እንደ ሌላው ዘመድ ሁሉ ሳይቀበል ጩኸቱን ቀጠለ።

ከቤተ ክርስቲያኑ ሲወጡ ሰዓት ሠሪው ቀርቦ ጨበጣቸው።

"ተሸንፌያለሁ" አሉት ሊቀ ሥር። "አንድ አይደለም። ያንተዋ ብቻዋን ነበር የምትወርደው፤ እኔን ሰው ያዘኝ። ልክ ነበርክ፤ የናንተ ሌላ፣ የእኛ ሌላ።"

ሰዓት ሠሪው ድል አድራጊ መምሰል ሲገባው ፊቱ ጠቆረ። በየጠዋቱ የሚመጣው ሰው፣ በርጩማው፣ ክርክሩ ሁሉ በአንድ ቃል ሲያልቅ ታየው። ትንሽ አሰበ።

"ያን ያህል እንኳ ሌላ አይደለም" አለ። "አንተም ሚስቴም የወረዳችሁት ያው ውሃ ነው፤ ከአናታችሁም የወረደው ያው ውሃ ነው።"

"ሌላ ነው አልኩህ!"

"ዮሐንስ እኮ የካህን ልጅ ነው!"

"ቢሆንስ? የካህን ልጅ አዲስ ነገር አይጀምርም ያለህ ማነው?"

የሊቀ ሥር መነጽር በሰዓት ሠሪው ኪስ ውስጥ ተረስቷል። መንገዱ ስለማይታያቸው የጓደኛቸውን ክንድ ይዘው፣ ፀጉራቸው እየተንጠባጠበ፣ ድምፃቸው አደባባዩን እየሞላ ሄዱ። አማቷ፣ "ኧረ መነጽራቸውን ስጧቸው፤ አስታርቋቸውም" አሉ። የእህታቸው ልጅ ግን ሕፃኑን እያባበለች ከኋላቸው ቀስ ብላ ተራመደች፤ ልታስቆማቸውም ሆነ ልትቀድማቸው አልፈለገችም።