የጋሼ ተከስተ ስሙኒ

መጀመሪያ ያየሁት ጣቶቻቸውን ነው። ከካዛንቺስ ወደ ኦሎምፒያ በሚወርድ ታክሲ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ ሽማግሌ ከረዳቱ መልስ ሲቀበሉ መዳፋቸውን አልዘረጉም። ሳንቲሟን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ጠርዟን ብቻ ይዘው፣ ንብ በክንፏ እንደሚይዝ ሰው፣ ቀስ ብለው ወደ መስኮቱ አነሷት። አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ አዘነበሏት።

«ፋዘር፣ ትክክለኛ ናት፤ በቃ ያዟት» አለ ረዳቱ።

«ትክክለኛነቷንማ መች ተጠራጠርኩ» አሉ። «ተራ መሆኗ ነው የሚያሳዝነው።»

በየሰፈሩ መልሱን ተቀብሎ ዝም ብሎ ኪሱ መክተት የማይሆንለት አንድ ሰው አለ። አንዱ ሦስቴ ይቆጥራል፣ አንዱ ብሩን ለፀሐይ ያሳያል፣ አንዱ ጥግዋ የታጠፈች ብር ስትደርሰው ባለሱቁን ከነአያቱ ይወቅሳል። የእኛ ሰፈር ሰው ግን ከእነዚህ ሁሉ በማዕረግ ይልቃሉ። እሳቸው የካዛንቺስና የአካባቢዋ ሊቀ ሳንቲም፣ የስሙኒ ባለሙሉ ሥልጣን መርማሪ፣ ክቡር አቶ ተከስተ ናቸው። እኛ ጋሼ ተከስተ እንላቸዋለን።

ጋሼ ተከስተን ስለ ሳንቲም የጠየቀ ሰው ማኪያቶውን ቀዝቃዛ ነው የሚጠጣው። እኔም ኦሎምፒያ ካለችው ካፌ ጠይቄ ቀዝቃዛ ጠጥቻለሁ።

«ሳንቲም ሁለት ዓይነት ነው» አሉኝ። «አንደኛው ለገበያ የሚመታው ነው። ማሽኑ አንዴ ይረግጠዋል፣ ከወንድሞቹ ጋር ቅርጫት ውስጥ ይወድቃል፣ ገና ከቤቱ ሳይወጣ ተጫጭሮ ያልቃል። ሁለተኛው ፕሩፍ ይባላል። የሚመታበት ማኅተምም፣ ብረቱም አስቀድሞ ይወለወላል። ከዚያ በዝግታ፣ ተደጋግሞ ይመታል፤ በእጅ ነው የሚነሳው። በምስሉ ዙሪያ ያለው ሜዳ መስታወት ይሆናል፣ አንበሳው ውርጭ ያደረበት ይመስላል። ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው። ጠጋ ስትዪ ሽፋሽፍትሽን ታዪበታለሽ። ሽፋሽፍትሽን ካላየሽ ተዪው።»

«አዲስ ሳንቲም ሁሉ ያበራል እኮ ጋሼ።»

«ማብራትማ ሳህንም ያበራል።» ጣታቸውን አነሱ። የምትመጣውን ዓረፍተ ነገር የሚያውቁ ደንበኞች ሁሉ ወደ እሳቸው ዞሩ፤ አስተናጋጇ ጀማነሽ እንኳ ትሪዋን ይዛ ቆመች። «ነገሩ ንጽሕና አይደለም። አወላለድ ነው።»

ይህችን ቃል በማያገባት ሁሉ ያስገቧት ነበር። ካዛንቺስ አሮጌ ቤቶቿን አፍርሳ ባለመስታወት ሆቴል ባበቀለች ቁጥር ቀና ብለው አይተው፣ «ያበራል፤ ጠርዙን ግን እዪው» ይላሉ። ሠርግ ቤት ጠርዝ ጠርዙን ይዘው የሚያዘነብሉት የጥሪ ካርዱን ነው። ጎረቤታችን ፍሬአብ ከዩኒቨርሲቲ በሜዳሊያ የተመረቀ ቀን፣ ሰው ሁሉ እየሳመው ሳለ ጋሼ ተከስተ ሜዳሊያዋን ከደረቱ ላይ አንስተው መረመሩና «ተራ ምት ነው» አሉ። የልጁ ፊት ሲጠቁር አይተው፣ «እሷን ማለቴ ነው እንጂ አንተን አይደለም» ብለው ጨመሩ። አልጠቀመም።

ፍሬአብ ቂም ያዘ። አንድ ቅዳሜ አንዲት ስሙኒ በጥርስ ሳሙናና በአሮጌ ካልሲ ሲፈትግ ዋለና ጀማነሽን ለምኖ ከሽማግሌው መልስ ጋር አስቀላቀላት። እኛ ሳቃችንን ጥርሳችን ላይ ይዘን ጠበቅን።

ጋሼ ተከስተ ስሙኒዋን አዩ። ከወንበራቸው ተነሱ። ጠርዟን ይዘው ወደ በሩ ብርሃን አነሷት። ከንፈራቸው የሆነ ነገር አለ። ከዚያ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«የታጠበች ናት» አሉ። «ጭረቷ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ነው። አንበሳውም ከሜዳው እኩል ያበራል፤ ውርጭ የለውም።» ማኪያቶውን ሳይነኩት ወጡ።

ፍሬአብ ሳቀ። የተከተለው አልነበረም።

«ነውር ነው ፍሬአብ» አለች ጀማነሽ። «እኔም ምን ነክቶኝ ነው የሰማሁህ? ሰውዬው የሚፈልጉት እኮ ሳንቲም አይደለም።»

በማግስቱ ይቅርታ ልል ቤታቸው ሄድኩ። ከቁም ሳጥን ውስጥ አንዲት ሰማያዊ ሳጥን አውጥተው ከፈቱልኝ፤ ከአንድ ዘመድ የተሰጠቻቸው የሠርጋቸው ስጦታ ነበረች። በከፈይ ጨርቅ ላይ ፕሩፍ ሳንቲሞች በየጎጇቸው ተኝተዋል። ጎንበስ ስል አንዲቱ ውስጥ ሽፋሽፍቴን አየሁትና አፌን ከፍቼ ቀረሁ። የስሙኒዋ ጎጆ ግን ባዶ ነበረች።

ነገሩ የሆነው በ1990 የፋሲካ ሰሞን ነው። ባለቤታቸው እትዬ ለተገብርኤል የታመመች እናቷን ልትጠይቅ ለአንድ ሳምንት አስመራ ልትሄድ ሻንጣዋን አንስታለች። ደጅ ላይ ጥላ ዘቅዝቆ ለቤተ ክርስቲያን የሚለምን ሰው «ስለ ሕፃኑ ቂርቆስ» እያለ መጣ። መንገደኛ የተዘቀዘቀ ጥላ በባዶ አያሳልፍም።

«ኪሴ ውስጥ ስሙኒ ነበረኝ» አሉኝ። «ላወጣ ስል እሷ ሳጥኗን ከፍታለች። ‹ምነው ለተ፣ ያቺን?› ብላት፣ ‹ለታቦት ደግሞ ተራ ይሰጣል እንዴ?› አለችኝ። ‹ቂርቆስ በሰላም መልሰኝ› ብላ ጥላው ውስጥ ጣለቻት።»

ሳምንቱ ሳያልቅ የእናትየው ሕመም ጠናና እትዬ ለተ ቆየች። በዚያው ጦርነቱ መጣ። መንገዱ ተዘጋ፣ ስልኩ ተቆረጠ። ከጥላው የወጣችው ስሙኒ ከወንድሞቿ ጋር ወደ ገበያ፣ ወደ ታክሲ፣ ወደ ሰው ኪስ ተበተነች። ከዚያ ወዲህ ጋሼ ተከስተ የደረሳቸውን መልስ ሁሉ ወደ ብርሃን ያነሳሉ። ሳንቲሟ ወደ ጎጆዋ ከገባች ለተም ትገባለች አላሉኝም። የተማሩ ሰው ናቸው፣ እንዲህ ያለ ነገር በአፋቸው አይወጣም። ግን ሳጥኗን ሲዘጉ ባዶዋን ጎጆ በጣታቸው ዳሰሷት።

«ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ዘመን በስንቱ ኪስ ተንከራትታለች» አልኳቸው። «መስታወቷም ውርጯም ረግፎ ይሆናል። በምን ያውቋታል?»

«ፊደሎቹ ሥር፣ ጣት የማይደርስበት ቦታ አለ። እዚያ ትንሽ መስታወት ይቀራል። ያረጀ ፕሩፍ፣ ያረጀ ፕሩፍ ነው እንጂ ተራ አይሆንም።»

ስሙኒን አገላብጦ ያየ ያውቃል፤ በጀርባዋ አንድ ወንድና አንዲት ሴት እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተዋል። ከዚያ ቀን በኋላ እኔም በሽታው ያዘኝ። ወሎ ሰፈር ጁስ ጠጥቼ መልሴን አዘነብላለሁ። መስቀል አደባባይ ሰልፍ አስቁሜ የፊደሎቹን ሥር ስመረምር «እህት፣ ታክሲ ነው እንጂ ሙዚየም አይደለም» ተብያለሁ። ትንሽ መስታወት ፈለግሁ። ያገኘሁት ግን ሁሉም የሰው ጣት የደረሰበት ነበር።

በ2010 ክረምት ግን ወሬው ከተማውን ሞላው። የአስመራ ስልክ ተከፈተ፣ አውሮፕላኑም ሊበር ነው። ሰፈራችን ስልኩን ታቅፎ አደረ። ጋሼ ተከስተ ካፌው በር ላይ አገኙኝ።

«ደወለች» አሉ።

«ምን አለችዎት?»

«‹ሳጥኗ አለች?› አለችኝ። አለች አልኳት። ‹ጎጆዋ ላይ ተራ እንዳትከትባት› ብላ ቆጣችኝ።» ይህን ሲሉ እንደ ተሾመ ሰው ነበሩ።

እትዬ ለተ በአውሮፕላን የመጣች ዕለት፣ ጋሼ ሊቀበሏት ሲሄዱ በዚያው የካዛንቺስ ታክሲ ተገናኘን። ተላጭተዋል፤ የሠርጋቸው ሳትሆን የማትቀር ሰፊ ክራቫት አስረዋል። እስከ መንገዱ እኩሌታ ክራቫታቸውን ሲያስተካክሉ ቆዩ። ከዚያ ድንገት ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩ።

«እስቲ እዪኝ። ታውቀኛለች?»

አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ አዘነበሉልኝ። ግንባራቸው ተጫጭሯል፣ ጸጉራቸው ረግፏል። ከዓይናቸው ሥር ግን አንድ ጣት ያልደረሰበት ቦታ ነበር።

«ጋሼ፣ ንጽሕና አይደለም» አልኳቸው። «አወላለድ ነው።»

ሳቁ። «እሱ ለፕሩፍ ነው ልጄ። በዚህ ትዳር ውስጥ ተራው እኔ ነኝ።»

ኦሎምፒያ ስንደርስ ወረዱ። የሰፈሩ ረዳት ሁሉ ስለሚያውቃቸው የታክሲው ረዳት መልሳቸውን ጠርዟን ይዞ፣ እንደ ቄስ መስቀል፣ ወደ ብርሃኑ አንስቶ ጠበቃቸው። ስሙኒ ነበረች። ጋሼ ተከስተ መዳፋቸውን ዘርግተው ተቀበሏት። ጨበጧት። ሳያዩ ኪሳቸው ከተቷት።

«ፋዘር፣ አያዩዋትም እንዴ?» አለ ልጁ።

እኔም ልጠራቸው አፌን ከፈትኩ፤ እሷ ብትሆንስ? ግን «ቦሌ፣ ቦሌ» የሚሉት ታክሲዎች ማዶ ነበሩ። ጋሼ ተከስተ ክራቫታቸው ትከሻቸው ላይ እየበረረ መንገዱን አቋረጡ፤ ያልታየችው ስሙኒ ኪሳቸው ውስጥ ከቁልፋቸው ጋር እየተጋጨች፣ አንዴም ወደ ኋላ ሳይዞሩ ሄዱ።