የአያ ይመር አሥራ ሁለት ግመሎች

ግመል ከየት እንደሚመጣ ታውቃላችሁ? ለቆቦ ሰው ይሄ ጥያቄ አይደለም። ግመል የሚመጣው ከዞብል ማዶ፣ ከአፋር በኩል ነው። ጨው ተሸክሞ፣ አንገቱን አስግጎ፣ ገበያተኛውን ሁሉ የናቀ መስሎ ይገባል። እኔ ግን ሌላም መምጫ እንዳለው በዓይኔ አይቻለሁ። ግመል ከኮምፒዩተር ሲወጣ አይቻለሁ። ያውም አንድ ሁለት አይደለም፣ መንደር የሚያጥለቀልቅ ግመል። አትሳቁ፣ ልንገራችሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ ያኔ ቆቦ ላይ አስተማሪ ነበርኩ፤ ቀጭን፣ ፀጉሬን ያጎፈርኩ ጎረምሳ። ፀጉሬን ለምን እንዳነሳሁት አላውቅም። እንደነበረኝ እንድታውቁልኝ ይሆናል። የእናቴ ወንድም አያ ይመር ደግሞ ከከተማው ወጣ ብላ፣ ወደ ዞብል በሚወስደው መንገድ ባለች መንደር ማሽላ ያርሳሉ። እሳቸው ይሰግዳሉ፣ እናቴ ቤተ ክርስቲያን ትስማለች። በእኛ ቤት ዓመቱን ሙሉ አንዱ ወይ ሌላው ይጾማል። ወሎዬ ነን፣ ምን ታደርጉናላችሁ?

መንደሯ አንድ ችግር ነበረባት፤ ውሃ። በበጋ ሴቶቹ ደረቁ ወንዝ ድረስ ወርደው፣ አሸዋ ቆፍረው፣ እስኪጠልል ጠብቀው ነው የሚቀዱት። አንድ ቀን መንግሥት ጥልቅ ጉድጓድ ሊያስቆፍርላችሁ ነው ተባለ። ሰው ተደሰተ። ከቁፋሮው በፊት ግን ጥናት አለ ተባለ። ምን ያህል ሰው፣ ምን ያህል ከብት ይጠጣል? ሰዉ ይህን ሲሰማ ደስታውን ወደ ጎተራ መለሰው።

ምክንያቱም፣ በእኛ ራያ ላይ የሰውን ከብት ብዛት መጠየቅ የውስጥ ልብሱን ቀለም እንደመጠየቅ ነው። ዓይን አለ፣ ግብር አለ፣ መዋጮ አለ። አያ ይመር ለሚስታቸው እንኳ በቁጥር ነግረው አያውቁም። መዝጋቢው ልጅ ደርሶ፣

«በሬ ስንት አለዎት?» ቢላቸው፣

«ኧረ የአላህ ነው» አሉት።

«የአላህስ ቢሆን ስንት ነው?»

«እሱን እንግዲህ አላህን ጠይቀው።»

ልጁ ምን ያድርግ? የእንስሳቱን ረድፍ ባዶ ትቶት ሄደ። ቀጣዩም ቤት እንደዚያው፣ የቀጣዩም ቀጣይ እንደዚያው። ጎረቤታቸው እት ዘሐራ፣ ባሏ የሞተባትና ያለቻት አንዲት ፍየል ብቻ የሆነች ሴት፣ «ምን አለኝ ብለህ ነው የምትጠይቀኝ?» ብላ ስለጮኸችበት የሷም ባዶ ቀረ።

ሳይደብቅ የተናገረ አንድ ሰው ብቻ ነው። ሁመድ። ሁመድ አፋር ነው፤ የጨው ነጋዴና የአያ ይመር ወዳጅ። ገበያ ሲመጣ ሁልጊዜ እሳቸው ግቢ ያድራል። ያን ቀንም መዝጋቢው ወደ ግቢው ሲገባ መጀመሪያ ያገኘው በሩ አጠገብ የተቀመጠውን ሁመድን ነበርና መጀመሪያ የጠየቀው እሱን ነው። እንግዳ መሆኑን ማንም አልነገረው። ሁመድ ደግሞ ስለ ግመሎቹ የሚጠይቀው ሰው ሲያገኝ ዓይኑ ይበራል። «በሬ የለኝ፣ ላም የለኝ፣ ግመል አሥራ ሁለት» አለና የእያንዳንዷን ስም፣ የእናቷን ስም፣ የጠባይዋን ክፋት አንድ በአንድ ነገረው። ልጁ ደስ ብሎት ጻፈ። በዚያች መንደር የሞላለት መስመር ያ ብቻ ነበር።

ከዚያ ወረቀቱ አዲስ አበባ ሄደ፣ እኛም ረሳነው።

ከወራት በኋላ አያ ይመር ከክፍል አስጠሩኝ። እንዲህ አድርገው አያውቁም። ሰው የሞተ መስሎኝ እየሮጥኩ ወጣሁ።

«ግመሎቼን አይተሃቸው ታውቃለህ?» አሉኝ።

«የትኞቹን ግመሎች?»

«እኔም እሱን ነው የምጠይቅህ። አሥራ ሁለት ናቸው አሉ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የጉድጓዱ ቧንቧና ሲሚንቶ መጥቶ አስፋልቱ ዳር ተራግፏል። ከዚያ እስከ መቆፈሪያው ያለውን ገደላገደል መኪና አይሻገረውም። ታዲያ ምን ችግር አለ? መንደሩ የግመል አገር አይደል! ከየቤቱ አንድ አንድ ግመል ይቅረብ የሚል ትእዛዝ ወረደ። ያላቀረበ ንብረት ደብቋል። ሁሉም ከደበቀ ደግሞ ቧንቧው ተጭኖ ወደ ጎረቤታችን ከተማ ወደ ሮቢት ይሄዳል።

ተያይዘን ትእዛዙ ወደወጣበት ቢሮ ሄድን። ካኪ የለበሰ አንድ ጓድ ተቀምጧል። ጠረጴዛው ላይ ግራና ቀኙ የተበሳሳ፣ ተጣጥፎ የማያልቅ ወረቀት ተዘርግቷል። ጣቱን ሰድዶ አነበበልን። «ይመር። በሬ ዜሮ። ላም ዜሮ። ግመል አሥራ ሁለት።» ወረድ አለ። «ዘሐራ። በሬ ዜሮ። ላም ዜሮ። ግመል አሥራ ሁለት።» እንደዚያ እያለ መንደሩን ጨረሰው።

«ጓድ፣ እኔ እኮ ገበሬ ነኝ» አሉ አያ ይመር። «በግመል አላርስም።»

«ይሄ ሰው የጻፈው ቢሆን እሰማዎት ነበር» አለ ጓዱ። «ኮምፒዩተር ነው ያወጣው። ኮምፒዩተር ዘመድ የለውም፣ አይዋሽም።»

ጥግ ላይ ትልቅ መነጽር ያደረገች ልጅ ተቀምጣ ነበር። ወረቀቱን ከአዲስ አበባ ይዛ የመጣችው እሷ ነች፤ መቅደስ ትባላለች። አያ ይመር «በግመል አላርስም» ሲሉ ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ። ፊቷን ለምን እንዳየሁት አትጠይቁኝ። ስንወጣ ተከትላን ወጣች፣ ከግንቡ ጥላ ሥር አቆመችን።

«አባቴ፣ ከብት ስንት አለኝ ብለው ነበር?»

«ምንም አላልኩ።»

«ወይኔ!» አለችና ግንባሯን ያዘች። ለማሽኑ ትእዛዝ የምትጽፈው እሷ ናት። አስረዳችን። የእያንዳንዱ ቤት መልስ በተበሳሳ ካርድ ሆኖ ማሽኑ ውስጥ ይገባል። በሠንጠረዡ ላይ ባዶ ቦታ ካገኘ ማሽኑ ደንግጦ ይቆማል፣ ሥራውም ሁሉ ይቆማል። ስለዚህ አንዲት መስመር ጻፈችለት፤ ባዶ ስታገኝ ከበላዩ ከተመዘገበው ሰው ወስደህ ሙላ። ጎረቤት ከጎረቤት ይመሳሰላል ብላ ነው። እውነትም ይመሳሰላል! ከበላይ የተመዘገበው ሁመድ መሆኑን በምን ታውቃለች?

አያ ይመር በጥሞና ሰሙ። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ፣

«ልጄ፣ መውሰድሽስ ይሁን» አሏት። «ግን ከሰው ሁሉ መርጠሽ ከሁመድ ትወስጂልኛለሽ? ከወንድሜ ብትወስጂልኝ ምን ነበረበት?»

«ወንድምዎም ባዶ ነው፣ አባቴ።»

«ባዶ አስቀርቶት ነዋ!» አሉ በኩራት። «ምስጢር ጠባቂ ነው እሱ።»

መቅደስ ግን አልሳቀችም። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «አሁኑኑ ገብቼ ጥፋቱ የኔ ነው እላለሁ። ከሥራ ቢያባርሩኝም ያባርሩኝ። ከዚያ ቤት ለቤት እንደገና ይቆጠራል፣ ይስተካከላል» አለች፤ ወደ በሩም ዞረች።

«እንደገና ምን ይደረጋል?»

«ይቆጠራል። በረት ተገብቶ።»

አያ ይመር ክንዷን ያዟት። ሰውየውን ስለማውቃቸው ፊታቸው ላይ የሆነውን ሁሉ አነበብኩት። በሬ ዜሮ፣ ላም ዜሮ! ዕድሜ ልካቸውን ከመንግሥት የደበቁትን ከብት መንግሥት ራሱ በማሽን ደብቆላቸዋል። ይሄ በዱዓ የማይገኝ ነገር ነው።

«ተይው ልጄ» አሉ በለሰለሰ ድምፅ። «በኔ ምክንያት እንጀራሽ አይቆረጥም። አብሽሪ፣ ግመሉን እናመጣዋለን።»

መቅደስ እጃቸውን ሳመች። ለሷ ሲሉ መሰላት። እኔም አላረምኳት። ደግሞስ ለሷም ጭምር አልነበረም ያለው ማነው? ደግ ሰው ነበሩ።

ማታውኑ መንደሩ ግራሩ ሥር ተሰበሰበ። ክርክሩ ረዥም ነበር። ግመል የለንም ካልን ይቆጥሩናል፣ አለን ካልን አምጡ ይሉናል። አንዱ «ሞተዋል እንበል» አለ። «ሁሉም በአንድ ቀን?» ተባለ። አንድ ጎረምሳ «እውነቱን እንናገር» ሲል ሁሉም ዞሮ አየውና ልጁ መልሶ ተቀመጠ። በመጨረሻ እት ዘሐራ ተነሳች።

«ስሙኝ» አለች። «እኔ ከባሌ ሞት ወዲህ በዚህ መንደር ምንም የለኝም ነበር። ዛሬ ከይመር እኩል አሥራ ሁለት ግመል አለኝ፣ የመንግሥት ወረቀት ላይ። ወላሂ፣ ግመሎቼን የሚነካብኝን አልለቀውም! ደግሞ ያ ቧንቧ ሮቢት ቢሄድ አሸዋ ስትቆፍሩ የምትኖሩት እናንተ አይደላችሁ፤ እኛ ነን።»

በማግስቱ ግመል እንዲያውሰን ወደ ሁመድ ተላከ።

ሁመድ ታሪኩን ሲሰማ የሳቀው ሳቅ! መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ። «አንድ ሁመድ ነበር፣ አሁን አገሩ ሁሉ ሁመድ!» አለ በዚያች አጭር አማርኛው። ከዚያ ግን ሳቁን ዋጠና ረጋ ብሎ ጠየቀ። ጉድጓዱ ውሃ ሲሰጥ፣ የአፋር ግመል ሲመጣ ይጠጣል ወይ? በውሃና በግጦሽ ስንት ጊዜ ዱላ እንደተማዘዝን እሱም ያውቃል፣ እኛም እናውቃለን። አያ ይመር ብድግ ብለው፣ «የኔ አሥራ ሁለት ግመሎች በሚጠጡበት ሁሉ ያንተም ይጠጣሉ» አሉት። ሁመድ እጃቸውን መታ፣ አለቀ።

በጭነቱ ቀን እንዲያው ብታዩ! ሁመድና ዘመዶቹ ግመላቸውን እየሳቡ ጎህ ሲቀድ መንደር ገቡ፤ ለእያንዳንዱ አባወራ አንድ አንድ እያስያዙ ሄዱ። ጓዱ አስፋልቱ ዳር ቆሞ ስም ይጠራል። «ዘሐራ!» እት ዘሐራ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ግመሏን እየሳበች፣ እንደ ሙሽራ አለፈች። ግመሏ እንዴት እንደታዘዘላት ሁመድን ራሱን ገረመው።

«ይመር!» አያ ይመር ገመዱን ሳቡ። ግመሏ ተኛች። «ተነሽ» አሏት። ጆሮዋን አላዞረችም። በሬ የሚነዱበትን ጩኸት ሁሉ ጮኹባት። አንገቷን ጥምዝዝ አድርጋ አየቻቸውና ማመንዠኳን ቀጠለች። ጓዱ ቀረብ አለ።

«ምነው፣ ግመልዎ አያውቅዎትም እንዴ?»

«ታውቀኛለች» አሉ ላባቸውን እየጠረጉ። «ትናንት ክፉ ቃል ተናግሬያት ተቀይማኝ ነው።»

መቅደስ መነጽሯን አውልቃ ፊቷን በወረቀቱ ሸፈነች። ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል። ሁመድ ከኋላ መጥቶ፣ እንደ መንገደኛ እያለፈ፣ ከጉሮሮው አንዲት ድምፅ አወጣ፤ ግመሏ ብድግ አለች። ጓዱ ስሙ ላይ ምልክት አደረገ። ማታ ሁሉም ተሟልቶ ሲያገኘው፣ «ኮምፒዩተር አይዋሽም ብዬ ነበር» አለ። ማን ይከራከረዋል?

ጉድጓዱ ተቆፈረ። ውሃው መጀመሪያ ጭቃ፣ ቀጥሎ ድፍርስ፣ ቀጥሎ ንጹሕ ሆኖ ወጣ። እት ዘሐራ የመጀመሪያውን ባልዲ ቀድታ ለሁመድ ሰጠችው፤ እሱም ሳይጠጣ ለግመሉ ሰጠው። ከዚያ ወዲህ በበጋ የአፋር ግመል ሲመጣ እዚያው ይጠጣል፤ ማንም ዱላ አላነሳም። የማን ግመል እንደሆነስ ማን ያውቃል? በወረቀት ሁሉም የኛ ነው።

መቅደስ ቁፋሮው እስኪያልቅ ቆቦ ቆየች። ወረቀቷ ከባድ ስለነበር እኔ እሸከምላት ነበር። አንዳንድ ቀን ወረቀቱን ሳትይዝም እሸከምላት ነበር፣ ምን እንደምሸከም ባላውቅም። ልትሄድ ስትል አያ ይመርን ልትሰናበት መጣች።

«አባቴ፣ አንድ ነገር ብቻ» አለች። «ለወረቀቱ አይደለም፣ ለራሴ ነው። እንቅልፍ አልወስደኝ ብሏል። እውነተኛው የከብትዎ ቁጥር ስንት ነው?»

አያ ይመር ረዥም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ በረቱን አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ።

«አንተ ዞር በል» አሉኝ።

የእህታቸው ልጅ ነኝ እኮ! ዞር አልኩ። ጆሮዋ ላይ አንሾካሾኩላት። ስዞር መቅደስ አፏን በእጇ ይዛለች፣ አያ ይመር ደግሞ ሸክም እንዳወረደ ሰው ይተነፍሳሉ።

ያችን ልጅ ኋላ አገባኋት። እስከ ጡረታዋ ድረስ የሰው ሠንጠረዥ ስትሞላ ኖረች፤ ቤትም ውስጥ ባዶ ነገር ካየች እጇን ይበላታል። ባዶ መደርደሪያ፣ ባዶ ግድግዳ፣ የኔ ባዶ ራስ፣ ለሁሉም የምታለብሰው አታጣም። አያ ይመር አልፈዋል፣ አላህ ይዘንላቸው። ከብቱ የለ፣ በረቱ የለ፣ ግብር የሚጠይቅ ጓድም የለ። ትናንት እንኳ እራት ላይ ለመንኳት። «አሁንማ ማን ይቀጣናል? ንገሪኝ፣ ስንት ነበሩ?» አልኳት።

ሳህኔን ሞላችልኝ።

«እሱን ባዶ ተወው» አለችኝ።